የነብር አፍ ምሽግ ሣር አጫጅ

የነብር አፍ ምሽግ ሳይሠራ በፊት ያ ገደል የሜይዪን አባት የስኳር ድንች ማሳ ነበር። እናቷ ስትሞት ሜይዪን ገና ጡት አልጣለችም። የተቀበረችው እዚያው ማሳ ዳር፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ አድርጋ ነው። ዓመት ሳይሞላ ወታደሮች መጡ። ቤተሰቡን አስነሥተው ዓለቱን በድማሚት ፈለፈሉት፤ ከባሕሩ ማዶ ወዳለው አገር መድፍ ደገኑበት፤ ዙሪያውን ፈንጂ ቀበሩበት። አባትዬው እስኪሞት ድረስ "እናትሽን እኮ መድፍ ተከሉባት" እንዳለ ኖረ።

ኋላ መተኳኮሱ ቀረ፣ ወታደሮቹም መድፉን ነቅለው ሄዱ። ምሽጉ ለብዙ ዘመን ወና ሆኖ ከርሞ፣ ፈንጂው ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ዘንድሮ የአገሩ ሰው የሙታኑን መቃብር በሚጠርግበት ሰሞን ለጎብኚ ተከፈተ። ሜይዪን ባሏን ቀብራለች፤ ልጆቿ ታይፔይ ናቸው። ብርቱካንና አንድ ጠርሙስ የሩዝ ጠጅ በዘንቢል ይዛ ብቻዋን ወጣች። ቢያንስ መድፉ የነበረበትን ቦታ አይታ፣ እዚያ አልቅሳ ልትመለስ ነው።

ዋሻው ያንጠባጥባል። የወታደሮቹ አልጋዎች በዝገት አልቀዋል፤ ነፋሱ በመተኮሻው መስኮት እየገባ ያፏጫል። በወዲያኛው በኩል ወደ ብርሃን ስትወጣ አንድ ሸበቶ ሰው በማጭድ ሣር ሲያጭድ አገኘች።

"እዚህ ደግሞ ፍየል ያረባሉ እንዴ?" አለችው።

ሰውዬው ደንግጦ ቀና አለ። "ለፍየል አይደለም እህቴ። ለእማማ ነው።"

"ለየትኛዋ እማማ?"

በማጭዱ አመለከታት። የመድፉ ግንብ ቀጥ ብሎ መጥቶ እዚያች ቦታ ሲደርስ ጎብጦ ይዞራል። በጉብጠቱ ውስጥ አንዲት የድንጋይ መቃብር አለች። ሜይዪን ጎንበስ ብላ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ስም አነበበች። ዘንቢሏን አስቀምጣ እዚያው ቁጭ አለች።

ሰውዬው አላስተዋላትም፤ ወሬውን ቀጠለ። "ግንበኞቹ፣ 'የሙት አጥንት የነካ ጦር አይቀናውም' ብለው መቃብሯን አናነሣም አሉ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሣሩን ማጨድ የአዲስ ምልምል ወታደር ሥራ ሆነ። እኔ ስመጣ ለእኔ ደረሰኝ። እናት አልነበረችኝም፤ እማማ እያልኩ ሳወራት አገልግሎቴ አለቀ።"

"ምን ይሏት ነበር?"

"ምን እላታለሁ! ወጥ ቤቱ ሩዙን አሳረረው፣ የወደድኳት ልጅ ደብዳቤ መጻፍ አቆመች፣ ማታ ማታ እፈራለሁ..." ሳቀ። "አቤት ስነዘንዛት! አንድ ቀን እንኳ ዞር በል አላለችኝም።"

"የእኔ እናት ናት" አለች ሜይዪን።

የሰውዬው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ማጭዱን ጥሎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። "ይቅር ይበሉኝ እህቴ። ሳላስፈቅድዎ እናትዎን ወሰድኩብዎ።"

"ባለቤቱ ከጠፋ ምን ያድርጉ!" አለች ልትቀልድ። ደስ አላት፤ ቀናችም። ለአንድም ቀን ያላወራቻትን እናቷን ይህ ባዳ ስንቱን አውርቷታል!

የቀረውን ሣር አብረው አነሡ። ጠጁን ለሟቿ አፍስሰው በክዳኑ ተራ በተራ ቀመሱ። ሰውዬውን የሚመልሰው መርከብ ከወደቡ ሲጮኽ ተነሣ።

"ደግመው ይመጣሉ?" አለችው።

"ጉልበቴ እንጃ" አለና ማጭዱን ሰጥቷት በዋሻው ገባ። ዳናው እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ሜይዪን ወደ ድንጋዩ ዞረች። "እማማ" አለች። ቃሉ ከአፏ የወጣው የሰው ዕቃ መስሎ ነው። "ሜይዪን ነኝ።"

ጭጋጉ ከባሕሩ ተነሥቶ ግንቡን እስኪሸፍነው ድረስ ማጭዱን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።