ከአንበሳው ግድግዳ ጀርባ

አጎቴ ዊልፍሪዶ፣ ካኔላ በሕይወት እንዳለች የነገረኝ እሑድ ጠዋት፣ ጥርሱን እየቦረሸ ነው።

«ሰማኋት» አለ አረፋውን ተፍቶ። «ሐሙስ ዕለት በአንበሳ ግቢው አጥር ሥር ሳልፍ፣ የባጃጄ ድምፅ ማጉያ ገና ‹አቮካዶ› ከማለቱ ከውስጥ አሽካካች። ተነሺ፣ ጥሩ ጫማሽን አድርጊ፤ እንሄዳለን።»

«ጫማው ለምንድን ነው?»

«ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ሲናገር ይሰሙታል። እኔን ምን ይሉኛል? ሂድ ሙዝህን ሽጥ ነዋ!»

ካኔላ ዳማ ባዝራ ናት፤ ቡናማ ሴት ፈረስ። ለትምህርት ወደ ማድሪድ ስሄድ ከነሻንጣዬ አውቶቡስ ጣቢያ ያደረሰችኝ እሷ ነበረች፤ በጋሪው ላይ ከካሳቫ ጆንያ መሀል ተቀምጬ። ስመለስ ጋሪውም ባዝራዋም የሉም። የሳንታ ብሪሂዳ ማዘጋጃ ቤት ፈረስ በከተማው ጎዳና እንዳይታይ ከልክሎ፣ ለጋሪ ነጂዎች በፈረሳቸው ምትክ የጭነት ባጃጅ ሰጥቷቸዋል። ፈረሶቹ ተራራው ላይ፣ ሣር በሞላበት እርሻ ውስጥ ጡረታ ይወጣሉ ተብሎ ነበር። ከሁሉም ቀድሞ የፈረመው አጎቴ ነው። ከንቲባው ሣር ላይ፣ ከካኔላ አጠገብ አስቁመውት ፎቶ ተነስተዋል፤ ፎቶው ዛሬም ከማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ተለጥፏል።

እኔ ዛሬም ሕጉ መጥፎ ነው ብዬ አላምንም። በቀትር ፀሐይ አስፋልት ላይ የወደቀ ፈረስ፣ ባለቤቱም ተነስ እያለ ሆዱን ሲረግጠው እያየሁ ነው ያደግሁት። የሚያናድደኝም ይኼ ነው፤ ጥሩውን ነገር እንኳ ይዘው እንዴት እንደሚያጨማልቁት።

በአጎቴ ባጃጅ ሄድን። አጥሩ ሥር ሲደርስ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ቀስ ብሎ ነዳ፤ በቅጂ የተቀመጠው የራሱ ድምፅ ጮኸ። ከውስጥ የተሰማው የሕፃናት ጫጫታ ብቻ ነበር።

«እሑድ ስለሆነ ነው፤ ሰው በዝቷል» አለ። የማምነው መሆኔን ለማረጋገጥ አየት አደረገኝ።

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ «እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር» አለኝ። እዚህ አገር ጫማው የተወለወለ ሁሉ ዶክተር ነው። አጎቴ በክርኑ ነካ አደረገኝ፦ «አላልኩሽም?»

ጦጣዎቹ ደሴት በተባለ የሲሚንቶ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። «እንስሳቱን መመገብ ክልክል ነው» ከሚለው ሰሌዳ ሥር አንዲት ሴት የተጠበሰ የሙዝ ቁርጥ በፌስታል ትሸጣለች። ልጆቹ ይገዛሉ፣ ይወረውራሉ፤ ጦጣዎቹ ፌስታሉንም ጨምረው ያኝካሉ። አዞው ጀርባ ላይ ሰዎች ለዕድል የጣሉት ሳንቲም ተደርድሯል። አንድ አባት የገንዳውን መስታወት በቀለበቱ እየደበደበ ልጁን «አንተም ምታው እንጂ፣ ተኝቶብናል!» ይለዋል። ኮንዶሩ፣ ያ ግዙፍ የተራራ ጥንብ አንሳ፣ ከአልጋ በማይሰፋ የሽቦ ቤት ውስጥ ታጥፎ ቆሟል።

«ይኼ ወፍ ምን ሰርቆ ነው የታሰረው?» አለ አጎቴ።

«አያስቅም! ክንፉን እንኳ መዘርጋት አይችልም።»

«ፊትሽን ፍቺው። በዚህ ፊት ማን በር ይከፍትልናል? ደግሞ ይኼን ንዴት ከማድሪድ በሻንጣ ነው ያመጣሽው። ልጅ ሆነሽ እዚሁ ኮንዶር ፊት ቆመሽ አይስክሬምሽን ስትልሺ አልነበር?»

እውነቱን ነው። ማድሪድም ቢሆን መስታወቱ የጸዳ፣ ዛፍ የተተከለበት ግቢ ከፍዬ ገብቼ፣ በውሃ ገንዳ ውስጥ ከዳር ዳር የሚመላለስ የዋልታ ድብ እያየሁ አይስክሬም በልቻለሁ። ንዴቱ የራሴ ይሁን ወይስ የተማርኩት፣ ለይቼ አላውቅም።

አንበሳው ያለው በስተመጨረሻ፣ ከአጥሩ ጋር ተጠግቶ ነው። ከሰርከስ የተወረሰ ነው፤ እዚሁ አገር በብረት ሳጥን ውስጥ ተወልዶ ያደገ። አንበሳው ቤቱ እንዲመስለው ይሁን እንጃ፣ ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ አፍሪካን ሥለውለታል፦ ጃንጥላ የመሰለ ዛፍ፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ የታጠፈ ቀጭኔ፣ የእንቁላል አስኳል የምታክል ፀሐይ። ሠዓሊው አፍሪካን አይቶ አያውቅም፤ አንበሳውም እንደዚያው። በዛፉ ግንድ ላይ፣ ቀለሙ ሳይደብቀው የቀረ የብረት በር አለ።

አጠገባችን አንዲት ወፍራም ሴትዮ ለባሏ «አየኸው? አምና እኮ አጥንት ብቻ ነበር። ተመስገን፣ አሁን ሰው መሰለ!» አለችው።

አጎቴ ፊቱን ወደ ሴትዮዋ አዞረ። ከዚያ ወደ አንበሳው። ከዚያ ወደ ብረቱ በር። እጁ የሸሚዙን ቁልፍ ይዞ ቀረ።

«ጠይቂልኝ» አለኝ። «አሁኑኑ።»

ዘበኛውን ጠየቅሁት። «ፈረስ? ዜብራ አለን፤ በግራ በኩል» አለ። «ዜብራ ማን ጠየቀህ?» አለው አጎቴ። ዘበኛው በሬዲዮ ተነጋገረ፤ ጥቂት ቆይቶ የብረት ብዕር በደረት ኪሱ የሰካ፣ ሽቶ የሚሸት ሰው መጣ። አስተዳዳሪው አልሲዴስ።

«ዶክተር፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። አጎቴን አላየውም፤ ዕቃ እንደያዘልኝ ሰው አለፈው።

ስለ ካኔላ ነገርኩት። እሱም ስለ ሥጋ በል እንስሳት አመጋገብ ሥርዓት፣ ስለ በጀት እጥረት፣ ስለ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነገረኝ። አነጋገሩን አውቀዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ዓመታት የተማርኩት እሱኑ ነው። ራሴን በአዎንታ እየነቀነቅሁ መሆኔ የታወቀኝ ንግግሩ ሊያልቅ ሲል ነው።

«ባጭሩ፣ እዚህ ፈረስ የለንም» ብሎ ጨረሰ።

«ጥሩ» አለ አጎቴ። እጆቹን ባፉ ዙሪያ አድርጎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ጮኸ፦

«አቮካዶኦኦ! ካሳቫ! የበሰለ ሙዝ አለ፣ ሙዝ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። «ሁለት ኪሎ መዝንልኝ፣ አባባ!» አለ አንድ ጎረምሳ። ልጆች አብረው ጮኹ። አስተዳዳሪው ፈገግ ብሎ፣ እንደማዘን እያደረገው አየኝ።

ከግድግዳው ጀርባ፣ ከቀጭኔው ሆድ ውስጥ ይመስል፣ ፈረስ አሽካካ።

ሳቁ ቆመ። አጎቴ ደግሞ ጮኸ። አሁን ያሽካካው አንድ አልነበረም። የጋሪ ፈረስ ይኼን ጩኸት ይጠብቃል፤ ከጩኸቱ በኋላ ጋሪው ይቆማል፣ ጋሪው ሲቆም ከጭነቱ የጠቆረ ሙዝ ለእሱ ይሰጠዋል። ሳንታ ብሪሂዳ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ማንም አላስተረጎመም።

«ክፈቱ እንጂ!» አለች ወፍራሟ ሴትዮ። «ምንድን ነው የምትደብቁት?» ስልኮች ሁሉ ተነስተው አስተዳዳሪውን ይቀርጹ ነበር።

«ሁለት ሰው ብቻ» አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

በጎን በኩል አዙሮ አስገባን። የሲሚንቶ ግቢ ነው፤ ወለሉ ገና ታጥቦ እርጥብ። ቦቲ ጫማ ያደረገ ሠራተኛ የውሃ ጎማ ይዞ ቆሟል። ከጣሪያው ብረት ላይ መንጠቆ ተንጠልጥሏል። ጥግ ላይ አራት ፈረሶች በአጭር ገመድ ታስረዋል። ሁለቱ ጥቁር ጉራች፣ አንዱ ቀላ ያለ መጋላ፣ አንዱ ነጭ አምባላይ።

ዳማ የለም።

አጎቴ አራቱንም ዞራቸው። ሌላ ከኋላቸው የተደበቀ ያለ ይመስል ግድግዳውን ሳይቀር በመዳፉ ዳሰሰ። በአጠገቡ ሲያልፍ አምባላዩ እጅጌውን ነክሶ ያዘው።

«ይኼ የታርሲሲዮ ነው» አለ አጎቴ፣ እጅጌውን ሳያስለቅቅ። «ጄኔራል ይባላል። ነካሽ ነው።» ታርሲሲዮ በአጎቴ መንገድ ላይ እየቀደመ የሚሸጥ፣ ከአጎቴ ጋር ከተኳረፉ ዘመን ያለፋቸው ሰው ነው። «ሐሙስም ያሽካካው ይኼ ነው። ሁላችንም የምንጮኸው አንድ ዓይነት አይደል።»

ከዚያ ወደ ሠራተኛው ዞረ። «ዳማዋስ? ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት?»

ሠራተኛው አስተዳዳሪውን አየ። «ቀድመው የመጡት ቀድመው ሄዱ፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ።

ከሁሉም ቀድሞ የፈረመው አጎቴ ነው።

ምስማር ላይ የአንገት ገመዶች ተደርበው ተሰቅለዋል። አጎቴ ከመሀላቸው ሰማያዊ የሆነውን የካኔላን፣ ከክፉ ዓይን እንዲጠብቃት ቀይ የክር ጉንጉን የታሰረበትን ሳበ። «እሱ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት...» ብሎ ጀመረ አስተዳዳሪው። አጎቴ አየው። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ቀረ።

«ፈረስ የለንም አልከኝ!» አልኩ። ድምፄ ከሲሚንቶው ነጥሮ ተመለሰብኝ።

«የለንም እኮ፣ ዶክተር። እነዚህ በእንስሳት ዝርዝር ውስጥ የሉም። በቀለብ ሥር ነው የተመዘገቡት።»

ልመታው ነበር። እጄ ተነስቶ ነበር፤ ጄኔራል ደንግጦ ገመዱን ሲስብ ነው ያወረድኩት።

«ይቆጡኝ፤ ግን መልስ ይስጡኝ» አለ አስተዳዳሪው፤ የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ የወጣ መሰለኝ። «አንበሳው ምን ይብላ? ሰላጣ? አምና ሲርበው አይተው ማዘጋጃ ቤቱን የሰደቡት እነዚሁ ውጭ ያሉት ሰዎች ናቸው።»

እውነት አለው። አንበሳ ሥጋ ይበላል፤ ሥጋውም የአንዱ ላም፣ የአንዱ አህያ ነው። ግን አጎቴን ፎቶ ያስነሱት ሣር ላይ እንጂ መንጠቆ ሥር አልነበረም። ጨክነው «ልንገድላት ነው» ቢሉት ኖሮ አይሰጣቸውም፤ ስለማይሰጣቸው ዋሹት። ለዚህ ውሸት ዓለም አቀፍ ደረጃ የለም።

አጎቴ ስልኩን አወጣ።

«ታርሲሲዮ፣ እኔ ነኝ። ዊልፍሪዶ! አትዝጋው፣ ልሰድብህ አይደለም፤ ስድቡን ነገ እንቀጥላለን። ነካሽህ አንበሳ ግቢው ውስጥ ነው። የምን ተራራ? የምን ሣር? ለአንበሳ ምሳ ሊሆን ተራ እየጠበቀ ነው እልሃለሁ! እጅጌዬን ቀዶታል፣ በሕይወት ነው። ኧረ አታልቅስ፣ አንተ ሽማግሌ! ድምፅ ማጉያህን ይዘህ ና። ገበያ ያለውን ሁሉ አስነሳ።»

ስልኩን ዘግቶ አስተዳዳሪውን «አቮካዶ ብሎ መጮኽ ክልክል ነው?» ሲል ጠየቀው።

«እ... አይደለም፤ ግን—»

«ጥሩ።»

ተመልሰን አንበሳው ፊት ቆምን። እኔ ለፍርድ ቤት አቤቱታ እንደምጽፍ፣ የትኛውን አንቀጽ እንደምጠቅስ፣ እግድ እንዴት እንደሚወጣ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ጻፊ» አለኝ አጎቴ። «ሰኞ ትጽፊያለሽ። ማታ ግን አንበሳው ራት ይበላል። እስከዚያ ጩኺ።»

«እኔ?»

«ለፈረስ ዶክተሩም ሙዝ ሻጩም አንድ ነው። ጩኺ!»

ጮኽኩ። «አቮካዶ።»

«በዚህ ድምፅ ማን ይገዛሻል? ሆድሽ ውስጥ ያለውን አውጪው እንጂ!»

አወጣሁት። ኮንዶሩን፣ የጦጣዎቹን ፌስታል፣ «በቀለብ ሥር» የተባለውን፣ በአዎንታ የነቀነቅሁትን የራሴን ራስ፣ ሁሉንም በአንድ አቮካዶ ውስጥ አወጣሁት። ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። ፈረሶቹ መለሱ። አንበሳው ተነስቶ ተቀመጠ።

ከቀትር በኋላ የአጥሩ ሥር በባጃጅ ተሞላ። የሁሉም ድምፅ ማጉያ ባንዴ ይጮኻል፤ አቮካዶ፣ ካሳቫ፣ ሙዝ፤ ከውስጥ ፈረሶቹ ያሽካካሉ። ሊበትን የመጣው ፖሊስ ምን ብሎ እንደሚበትናቸው ጨንቆት፣ አቮካዶ እየጨበጠ ብስሉን ይመርጣል። ከግቢው የሚወጡ ቤተሰቦች ቆመው ይጠይቃሉ፤ የተጠየቀው ሁሉ ያስረዳል፤ ሲያስረዳ ይጮኻል። ታርሲሲዮ ከአጎቴ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ገና አልተነጋገሩም።

ሊመሽ ሲል የኋላ በር ተከፈተ። አስተዳዳሪው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ወጣና ታርሲሲዮን ጠራው። «አምባላዩን ውሰድ። ግን ይኼ ጩኸት አሁኑኑ ይዘጋ።»

ታርሲሲዮ እጁን ድምፅ ማጉያው መዝጊያ ላይ አድርጎ አጎቴን አየው።

«ምን ታየኛለህ?» አለው አጎቴ። «ፈረስህ ነው፣ ውሰደው። እኔ ውስጥ የቀረኝ ነገር የለም።» ይህን ብሎ የራሱን ማጉያ እስከ ጥግ ከፈተው። ሰማያዊው ገመድ ትከሻው ላይ ነበር።

ታርሲሲዮ ማጉያውን ዘጋው። ገብቶ ጄኔራልን እየሳበ ወጣ፤ ፈረሱ ሲወጣ አስተዳዳሪውን ክንዱ ላይ ነከሰው፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ገመዱን ባጃጁ ላይ ቋጠረ፣ ቋጠሮውን ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረገ፣ አንድ የጠቆረ ሙዝ ላጠለት። ከዚያ ዞሮ ማጉያውን መልሶ ከፈተው።

«ተስማምተን ነበር እኮ!» አለ አስተዳዳሪው።

«ሦስት ቀርተዋል» አለ ታርሲሲዮ። አጎቴን ሳያየው አጠገቡ መጥቶ ቆመ። «ምን ትለጎማለህ አንተ፣ ጩኽ እንጂ!»

ሦስታችንም ጮኽን።