ደንቡሼ የቀላች ዕለት

በማስታወሻ ደብተሬ ግራ ገጽ ላይ «ማሽኑን አይመኑ፤ ልጁን ይዩ» ይላል። ቀኙ ገጽ ደግሞ «ዓይንዎን ከማሽኑ አይንቀሉ» ይላል። ሁለቱንም ያለችው አንድ ሰው ናት፤ አለማማጄ።

በአዋቂዎች ክፍል አሥራ አራት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ እዚያው ተኝቶ ካረፈ በኋላ በዚያ ኮሪደር መመላለስ ስላቃተኝ፣ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል እንዲያዛውሩኝ ጠየቅሁ። እዚህ ግን አዲስ የገባ ሁሉ ስድስት ሳምንት በአለማማጅ ሥር ይውላል። በመጨረሻ አለማማጇ «ብቻዋን መሥራት ትችላለች» ብላ ካልፈረመች ወደመጣችበት ትመለሳለች።

አለማማጄ የመጨረሻዋ እህቴ እኩያ ናት። የጽዳት ሠራተኛዋ ባየችን ቁጥር «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!» እያለች ትስቅብናለች። ልጅቷ «እትዬ» ትለኛለች፤ ስትቆጣኝም በ«እርስዎ» ነው። በአክብሮት ለሚመጣ ቁጣ ምን ዓይነት መልስ እንደሚሰጥ አላውቅም። እኔም አንቺ ልበላት እርስዎ ሳልወስን፣ «ሲስተር» እያልኩ ስድስት ሳምንት ገፋሁ።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ቅጹ የሚፈረመው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ከመስኮቱ አጠገብ ባለው የማሞቂያ ሳጥን ውስጥ የአሥራ አንድ ቀን ልጅ ተኝታለች። አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ነው የምትመዝነው፤ ከሁሉ ስለምታንስ «ደንቡሼ» አልናት። ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ጠራረግኳትና ሙቀት የሚለካውን ሽቦ ሆዷ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። ሳጥኑ የሚታዘዘው ለዚያ ሽቦ ነው፤ «በርዷታል» ካለው ሙቀት ይጨምራል፣ «ሞቋታል» ካለው ይቀንሳል።

አራት ሰዓት ላይ ማሽኑ ጮኸ። ሠላሳ አምስት ነጥብ ስምንት። በርዷታል ማለት ነው። አለማማጄን ዞር ብዬ አየኋት። ከጥጉ ጠረጴዛ ሆና ቁጥሩን ተመለከተችና አገጯን ወደ ላይ ነቀነቀች። «ደግ ነው» ማለቷ ነው ወይስ «ምን ይገትርዎታል»? አልገባኝም። ለደንቡሼ ኮፍያና ካልሲ አጠለቅሁላት፣ ብርድ ልብስም ደረብኩ። አለማማጄ ስልክ ልታነሳ ወጣች።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሠላሳ አምስት ነጥብ አምስት። ባለበስኳት ቁጥር ትቀዘቅዛለች።

እናቷ ያለበችውን ወተት በትንሽ ኩባያ ይዛ መጣች።

«እህቴ፣ ምነው ልጄ ቀላች? ቲማቲም መሰለች እኮ!»

«በርዷታል» አልኩ።

«በርዷት ነው እንዲህ እጅና እግሯን ዘርግታ የምትተኛው? እኔ ሲበርደኝ ጥቅልል ነው የምለው።»

በሳጥኑ መስኮት እጄን አስገብቼ ደረቷን ነካሁ። ፈጀኝ። ግን እጄን አላምነውም። ባለቤቴ ባረፈበት ጠዋት ግንባሩን ዳብሼ «ትኩሳቱ ለቆታል፤ ተሽሎታል» ብዬ ለልጃችን የነገርኳት እኔ ነኝ። ይህን እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ማሽኑ በርዷታል ይላል። እጄ ትኩስ ናት ይላል። እናትየዋ እኔንና ማሽኑን እያፈራረቀች ታያለች። ግራው ገጽ ነው ቀኙ? ደንቡሼ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ስትጀምር ሁለቱንም ገጽ ትቼ ከመሳቢያው ቴርሞሜትር አወጣሁና ብብቷ ሥር አደረግሁ።

ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሁለት።

ብርድ ልብሱን ስገፍ ሽቦውን አየሁት። ፕላስተሩ ለቆ፣ ሽቦው ተንሸራቶ በረጠበው ዳይፐር እጥፋት ውስጥ ገብቷል። ማሽኑ በታማኝነት ሲለካ የቆየው የደንቡሼን ሽንት ነበር። ቆዳዋ በደንብ ሳይደርቅ የለጠፍኩት እኔው ነኝ።

የሳጥኑን ሙቀት ቀነስኩ፣ ኮፍያና ካልሲዋን አወለቅሁ፣ ዳይፐሯን ቀየርኩ፤ ቆዳዋን አድርቄ ሽቦውን በአዲስ ፕላስተር ለጠፍኩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት እናቷን። «ሞቋት ነበር እንጂ አልበረዳትም። ሽቦው መልቀቁን ሳላይ ቀረሁ።»

«እኔማ ብዬሽ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲያ የልጇ መልክ ሲመለስ እያየች እኔን ረሳችኝ።

አለማማጄ ከስልኩ ተመልሳ ጠረጴዛዋ ላይ ብትቀመጥም የሆነውን አላየችም። ዝም ካልኩ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ከተናገርኩ ደግሞ ያ ኮሪደር አለ፤ በስተመጨረሻው በግራ በኩል ያለው አልጋም አለ። ደንቡሼ ሠላሳ ሰባት ላይ ስትደርስ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

«ሲስተር፣ ደንቡሼን አሙቄያታለሁ።»

«ጎበዝ እትዬ! በርዷት ነበር አይደል?»

«አልበረዳትም። አሙቄ ልፈጃት ነበር።»

አንድ በአንድ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቁጣ ጠበቅሁ።

«እኔስ? ከዚህ ሆኜ ቁጥሩን አይቼ ‹ያልብሷት› ያልኩዎት እኔ አይደለሁ?»

«‹ያልብሷት› ነበር እንዴ?»

«ታዲያ ምን መሰለዎት?»

«ስድብ።»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን አፏን በእጇ ያዘች። ደብተሬን ከኪሴ አውጥቼ ሁለቱን ገጾች ዘረጋሁላት።

«አንዴ ማሽኑን አይመኑ አልሽኝ፤ አንዴ ዓይንዎን አይንቀሉ አልሽኝ። የትኛውን ልያዝ?» አንቺ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«የመጀመሪያውን ያልኩት ማሽን ያታለለኝ ሰሞን ነው። ሁለተኛውን ደግሞ እጄ ያታለለኝ ሰሞን።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ሁለታችንንም ሽንት አታለለን።»

ስምንት ሰዓት እስኪሆን አልጠበቀችም። ቅጹን ከክምሩ መዝዛ የሆነውን ሁሉ በገዛ እጄ እንድጽፍበት ሰጠችኝ። ሳላስቀር ጻፍኩ። አነበበችው። ከሥሩ «ብቻዋን መሥራት ትችላለች» ብላ ፈረመች።

«ዛሬ? ከዛሬው ጥፋቴ በኋላ?» አልኩ።

«እትዬ፣ ሥራ አለብን» ብላ ተነሳች።

ለምን እንደፈረመች እስካሁን አልገባኝም።

ወደ ደንቡሼ ተመለስኩ። ማሽኑ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ይላል። እጄን አስገብቼ ደረቷ ላይ አሳረፍኩ፤ እሱም እንደዚያው አለኝ። ቶሎ አላወጣሁትም። ከዚያ በሌላው እጄ መሳቢያውን ከፍቼ ቴርሞሜትሩን ፈለግሁ።