በትከሻ የሚሰማ ዘፈን

እሑድ ከቀትር በኋላ የጉለሌው የሰፈር ክበብ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። የዚያን ቀን ቢንጎ በቁጥር አይደለም፣ በዘፈን ነው። አጫዋቹ ኤርሚያስ መድረኩ ላይ ሆኖ አንድ ዜማ ለግማሽ ደቂቃ ይከፍታል፤ ተጫዋቹ ምን ዓይነት ዜማ እንደሆነ ለይቶ፣ ካርዱ ላይ የዜማው ስም የተጻፈበት ሣጥን ውስጥ የበቆሎ ፍሬ ያስቀምጣል። አንድ መስመር የሞላለት "ቢንጎ!" ብሎ ይጮኻል። ሽልማቱ ከሸጎሌ ከብት ገበያ የመጣ ሙክት ነው፤ ግቢው ውስጥ ታስሮ የሰው ካርቶን ይበላል።

ጋሽ ታረቀኝ በዚሁ ክበብ ሃያ ዓመት ክራር ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሙክቱ የእሳቸው ነው ብሎ ሁሉም ቀድሞ ተስፋ ቆርጧል። ማንም የማያውቀው፣ ጋሽ ታረቀኝ ዘፈን መስማት ካቆሙ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ነው። ሰው ቀርቦ ሲያናግራቸው ከድምፁም ከከንፈሩም ለቃቅመው ይግባባሉ፤ የክራር ድምፅ ግን ጥሏቸው ሄዷል። ሐኪሙም አይመለስም ብሏቸዋል። ይህን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ የሺሀረግ እንኳ አልተነፈሱም፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጆሮ የሌለው የክራር መምህር ማን ይፈልጋል? ቅዳሜ ቅዳሜ ክበቡ ካልመጡስ ቀሪውን ዕድሜ በምን ይገፉታል? ፈሩ እንጂ ሌላ ምክንያት የላቸውም።

ታዲያ ቢንጎውን በምን ይጫወታሉ? በዓይናቸው። የኛ ሰው ዘፈን ሲሰማ ገላው አርፎ አይቀመጥም። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሴትዮ ትከሻቸው ከተንቀጠቀጠ የጎንደር ነው። እግር ወለሉን ከደበደበ ጉራግኛ፤ ወገብ ወንበር ላይ ከተላወሰ የወላይታ፤ አንገት ከተወዛወዘ የሸዋ ኦሮሞ። ጋሽ ታረቀኝ አንዱንም አልሳቱም። እንዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ ጨዋታው ጥሟቸዋል።

ከኋላቸው ሩታ ተቀምጣለች። ሁለት ዓመት ያስተማሯት ልጅ ናት፤ ማክሰኞ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ትፈተናለች። ትናንት ተጫውታላቸው "ቅኝቱ እንዴት ነው ጋሼ?" ስትል፣ "ልክ ነው፣ ጎበዝ!" ብለዋታል። ጣት ክሩ ላይ ሲሳሳት ዓይን ያርማል። ክሩ ልክ መቃኘቱ ግን በዓይን አይታይም። ይህን እያወቁ ነው ጎበዝ ያሏት።

ካርዳቸው ላይ አንድ ሣጥን ብቻ ቀረ፤ ትዝታ። ኤርሚያስ ማይኩን አፉ ላይ ለጥፎ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ከንፈሩ አልታይ አላቸው። ከዚያ ዜማ ከፈተ። ትከሻ አልተነቃነቀም፤ እግርም እንደዚያው። ሴትዮዋ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ጣሉ፤ ሌላው ዓይኑን ጠረገ። ጋሽ ታረቀኝ ሳቁ። ይሄማ ሕፃንም አይጠፋውም! የመጨረሻዋን ፍሬ አስቀመጡና ብድግ አሉ።

"ቢንጎ!"

ማንም አልሳቀም። ለካ አዳራሹ በሙሉ የሚያየው እሳቸውን ነው።

አጠገባቸው የተቀመጡት ወይዘሮ የሺሀረግ ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። "ጨዋታው እኮ ቆሟል" አሏቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው። "ሃያኛ ዓመትህን ሊያከብሩልህ፣ በወጣትነትህ የተቀዳውን ክራርህን ነው የከፈቱት። ምን ሆነሃል ታረቀኝ?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ዝግጅቱን ከእሳቸው በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

"የትኛውን?" አሉ ጋሽ ታረቀኝ። "ምን እየተጫወትኩ ነው?"

ጥያቄው ካፋቸው ሲወጣ የደበቁት ሁሉ አብሮ ወጣ። ወይዘሮ የሺሀረግ አፋቸውን ያዙ። ኤርሚያስ ማጫወቻውን ሲዘጋ ጋሽ ታረቀኝ አዩት፤ ለእሳቸው ግን አዳራሹ ያው ነበር። አፈሩ። ከእፍረቱ ይልቅ ግን ያን ክራር አንድ ጊዜ መስማት ፈለጉ።

ሩታ ተነስታ ፊታቸው ቆመች። ከንፈሯን እንዲያዩላት ቀስ ብላ ተናገረች።

"ጋሼ፣ ትናንት ልክ ነው ያሉኝ... ሰምተውኝ ነው?"

ውሸት አልጠፋቸውም፤ ሁለት ዓመት የኖሩበት ነው። ፈተናው ግን ከነገ ወዲያ ነው።

"አልሰማሁሽም፣ ልጄ" አሉ። "ጣትሽን ነው ያየሁት። ዛሬውኑ ጆሮ ያለው ሰው ፈልጊ።"