መንታዎቹ ኬጂ ሊገቡ

ፍሥሐ አለፈ፣ ሣራ ወደቀች! እውነቴን ነው፣ ማርያምን! የማይሰማውን ልጅ ኬጂ ተቀበሉት፤ አፏ ከነጋ እስኪመሽ የማይዘጋው እህቱ ደግሞ «ከርሞ ነይ» ተባለች። ሰብለ ከመናኸሪያው በላይ ባለው መንገድ፣ በዚያ ሁሉ ጭቃ መሃል፣ ሆዷን ይዛ ቁጭ እስክትል ሳቀች። ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ! ዩኒፎርሟ ነበር እኮ፣ ያውም አዲሱ!

ውይ፣ ከጫፉ ጀመርኩት አይደል? በሉ ከሥሩ ስሙኝ።

ሰብለ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል። ፍሥሐና ሣራ መንታ ታናናሾቿ ናቸው፤ በ2006 መስከረም ስድስት ዓመት ሞላቸው። ፍሥሐ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም፣ አይናገርምም። ግን ሣራ አለችለት! ሁለቱ የራሳቸው የእጅ ወሬ አላቸው፤ ሰብለና እናታቸውም ጥቂት ጥቂት ይችላሉ። ውኃ ማለት አውራ ጣት ወደ አፍ ነው። ላም ማለት ሁለት ጣት ግንባር ላይ። ሰብለ ማለት ዓይን ማጉረጥረጥ ነው፣ ለምን እንደሆነ እሷ እስከ ዛሬ አልገባትም። ሣራ ደግሞ ጣትን እንደ ዶሮ አፍ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ማድረግ ናት። ስሙን ያወጣላት ፍሥሐ ነው፤ ዋሸ የሚለው ሰው የለም።

እናታቸው ውባለም ገበያ ላይ ጌሾና ብቅል ትሸጣለች። አባታቸው ጌታነህ ደብረ ታቦር ግንበኛ ነው፤ ምን ቢጠይቁት በስልክ «እንደተስማማችሁ» ከማለት በቀር መልስ የለውም። ውባለም ግን ቁርጥ አድርጋ ነበር።

«ሣራን ኬጂ አስገባታለሁ። እሱ እቤት ይቆይልኝ» አለች።

«እስከ መቼ ነው የሚቆየው እማየ?»

«እስኪጠና።»

«ወይፈን ነው እንዴ እስኪጠና የሚጠበቀው!»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ! ሰው ፊት አቁሜው ‹ይኼስ አይሆንም› ሲሉኝ ፊቴን የት ላግባው?»

ለካ የፈራችው ይህቺን ነው! ሰብለ ይኼን ስትሰማ ጭራሽ እልህ ያዛት። «ሁለቱንም የሚቀበል ሳላገኝ አልመለስም!» ብላ ሰኞ ጠዋት ሁለቱን በግራና በቀኝ ይዛ ከመናኸሪያው በላይ ወዳለው ኬጂ ወጣች። ውባለምም አላስችል ብሏት ነጠላዋን እያስተካከለች ከኋላ ተከተለች።

ኬጂው ያምራል በቃ! ግድግዳው ላይ ጥንቸል ኳስ ስትለጋ ተስላለች። አንድ ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ልጅ ብቻ! መዝጋቢው ጋሽ አምሳሉ በሩ ላይ ወንበር ዘርግተው፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ልጅ ይፈትናሉ። ፈተናው ምን መሰላችሁ? ያው የምታውቁት ነው፤ እጅን በራስ ላይ አዙሮ በዚያኛው በኩል ያለውን ጆሮ መንካት። የልደት ወረቀት ያለው ማን አለና! እጁ የደረሰ ይገባል፣ ያልደረሰ ለከርሞ።

ፍሥሐ ከፊቱ የተሰለፉትን ልጆች አንድ በአንድ ዓይኑን ሳይነቅል አየ። ተራው ሲደርስ ጋሽ አምሳሉ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እጁን አዙሮ ጆሮውን ያዘ። መያዝ ብቻ? ጎተተው!

«እንዴ! ሳይነገረው! ጎበዝ! ስምህ ማነው?»

«ፍሥሐ ነው! እኔ ሣራ ነኝ! መንታ ነን!» ሣራ ናታ፣ ከኋላ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? በይ ነይ፣ ጆሮሽን ንኪ።»

ሣራ እጇን አዞረች። አልደረሰም። ተንጠራራች፣ ምላሷን አወጣች፣ አንገቷን ሰበረች።

«ቀጥ በይ! ማጋደል የለም።»

«እየደረሰ ነው ጋሼ፣ ትንሽ ይጠብቁት!»

«ከርሞ ይደርሳል። ከርሞ ነይ።»

«መንታ ነን እያልኩዎት!»

«እጁ ቀድሞሽ ተወልዶ ይሆናላ!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ውባለም ብቻ አልሳቀችም፤ የምዝገባውን ወረቀት ደረቷ ላይ ለጥፋ «ጎበዝ አሉት። ሰማሽ ሰብለ? ልጄን ጎበዝ አሉት» ትላለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ሰብለ ጭቃው ላይ የተቀመጠችው ያን ጊዜ ነው። ስቃ ስትጨርስ ግን አንድ ነገር ድንገት ጭንቅላቷ ውስጥ ብልጭ አለ።

«እማየ፣ እንደማይሰማ እኮ አላወቁም!»

«ዝም በይ!»

ሰብለ ዝም ማለት የምታውቅበት ይመስል! በማግሥቱ ሁለቱን ይዛ ወደ ታች፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ዜሮ ክፍል ወረደች። እዚህ ሥዕል የለም፣ ጣሪያውም በአንድ ጥግ ያፈሳል። ስልሳ አራት ልጅ ሰሌን ላይ ተጠቅጥቋል። መምህሯ ቲቸር ዝናሽ ከጩኸት ብዛት ድምጿ ተዘግቷል። ሰብለ ሰላም እንኳ ሳትል «ቲቸር፣ ይኼኛው አይሰማም!» ብላ ዘረገፈችው።

«ተመስገን!» አለች ቲቸር ዝናሽ።

«እ?»

«አንድ እንኳ የማልጮህበት ልጅ ላግኝ እንጂ!» ከዚያ ቀስ ብላ «እውነቱን ልንገርሽ፣ የምልክት ቋንቋ አልተማርኩም። እንዴት አድርጌ ላናግረው?»

«እኔ አሳይሻለሁ!» አለች ሣራ፤ ማንም ሳይጋብዛት ሰሌዳው ሥር ደረሰች። «ውኃ እንዲህ ነው!»

ስልሳ አራት አውራ ጣት ወደ አፍ ሄደ።

«ላም!»

ስልሳ አራት ግንባር ላይ ቀንድ በቀለ። አንዱማ «እምቧ!» አለ።

ፍሥሐ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ በእጅ ያናገሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እናቱና ሁለት እህቶቹ። አሁን ክፍል ሙሉ ሕዝብ! ከዚያ ሳቀ፤ ያንን ከጉሮሮው እየተንከባለለ የሚወጣውን ሳቁን፣ እቤት ብቻ የሚሰማውን። አንድም ልጅ አላሾፈበትም፤ አብረውት ሳቁ እንጂ። ሰብለም እየሳቀች አለቀሰች። ወይስ እያለቀሰች ሳቀች? አላውቅም!

ቲቸር ዝናሽ ሁለቱንም መዘገበቻቸው። በቃ ተገኘ አትሉም? ውባለም ግን ከገበያ ስትመለስ ሰምታ ወገቧን ያዘች።

«ስልሳ አራት! እዚያ መሃል ማን ያየዋል? ያኛው አሥራ አምስት ናቸው። እዚያ ጎበዝ ተብሏል።»

«ሳያውቁ ነዋ!»

ብላ ሰብለ በሩጫ ወደ ኬጂው። ለጋሽ አምሳሉ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሳይሰማ ነው ያን ያህል የፈጠነው?»

«አዎ ጋሼ። ሊሰርዙት ነው?»

«ለምን ብዬ? ከሚሰሙት በልጦ! አንዴ አልፏል፣ አልፏል። መምህሯ ከፊት ታስቀምጠዋለች፣ ልጆቹ ጥቂት ናቸው፣ እንለምደዋለን። ልጅቱ ግን ለከርሞ።»

«እሷ ከሌለች ማን ያስተረጉምለታል?»

ጋሽ አምሳሉ ትክ ብለው አዩዋት። «ልጄ፣ እህትሽ ተማሪ ልትሆን ነው ወይስ አስተርጓሚ?»

ሰብለ «ደህና ይዋሉ» ብላ ወጣች። ሰብለ! ሳትከራከር! አስቡት እስኪ። መንገዱን ሙሉ ያቺ ጥያቄ አብራት ወረደች።

ውባለም ስትሰማ ግን እልል ብላ ጎረቤት አስወጣች። «ማንም አይቀበለው ብዬ ስፈራ፣ ተሻሙበት!» ከዚያ ወደ ሰብለ ዞረች። «ነገሩን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። የፊታችን ሰኞ አንቺው መርጠሽ አስገቢያቸው። እኔ ደስታው ይበቃኛል።»

ሰብለ ቀላል መሰላት። «ልጆቹ ይምረጡ። አብረው መሆን ነው የሚፈልጉት፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» አለች። ሰኞ ጠዋት መንታ መንገዱ ላይ ስትደርስ ቆመችና በእጇ «የት?» አለቻቸው።

ሣራ ወደ ታች፣ ወደ ዜሮ ክፍል ጎተተቻት። ፍሥሐ ወደ ላይ!

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ዳቦ እንኳ ተለያይተው ያልመረጡ ልጆች! ሣራ በሁለት እጇ ተቆጣችው። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ደረቱን ነካ፣ አንድ ጣቱን አቆመ፣ ወደ ላይ አመለከተ።

«ምን አለ?» ሰብለ ጠየቀች።

«‹እኔ ብቻዬን› ይላል» አለች ሣራ። «ተይው፣ አያውቅም! ያለ እኔ ማን ያናግረዋል?»

እሱ ግን እየሳቀ መጎተቱን አልተወም። ከላይም ደወል ተደወለ፣ ከታችም ደወል ተደወለ። አንዱ እጇ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፤ ሰብለ መሃል ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥራ ቀረች። ታች አብረው ብታስገባቸው እሱ የፈለገውን ልትከለክለው ነው፤ ብትለያያቸው ደግሞ ሣራ ዓመቱን ሙሉ እያለቀሰች ልትማር፣ እሱም ቢጠማው የሚያውቅለት ላያገኝ!

እናንተዬ፣ በእሷ ቦታ ብትሆኑ የየትኛውን እጅ ትለቁ ነበር?