የሰው ቀፎ

ሩሀማ ነጭ ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን የጨዋታ ሕግ ሐዲስ በእጅጌው ጠርጎ አጠፋው። "ተጫዋቹ ራሱ የሰቀለውን ቀፎ ብቻ ይከፍታል" ይል ነበር። በቦታው "የማንንም ቀፎ መክፈት ይቻላል፤ የሰው ቀፎ እጥፍ ነጥብ አለው" ብሎ ጻፈ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለች ሩሀማ።

"ጌሙን ጌም እያደረግኩት።"

"በእኛ አገር የሰው ቀፎ የሚነካ የለም። የነካ ሰው ለቅሶ እንኳን አይደረስለትም።"

"እሱ ጫካ ውስጥ ነው፤ ይሄ ጨዋታ ነው። የገዛ ማሩን ቆርጦ ቤቱ የሚገባ ሰውዬ ለማን ይጥማል?"

"ለአባቴ።"

"የአባትሽ ስልክ እኮ ከመደወል ሌላ አያውቅም" አለና ሐዲስ ሳቀ።

ሁለቱና አጠገባቸው የተቀመጠው ሰሚር ቦንጋ ከሚገኝ ኮሌጅ ዘንድሮ የሚመረቁ ናቸው፤ ጌሙም የመመረቂያ ሥራቸው ነው። ሐዲስ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ኮድ በመጻፍ የሚስተካከለው የለም፣ ይህንንም ራሱ ደጋግሞ ይናገራል። ሥዕሉን የያዘው ሰሚር የቦንጋ ነጋዴ ልጅ ነው። ሐሳቡ ግን የሩሀማ ነበር። ዛሬ አማካሪያቸው ዕቅዱን ካጸደቁት ኮድ መጻፍ ይጀመራል፤ ከዚያ ወዲያ ሕግ መቀየር የለም።

ክረምቱ እንደወጣ ሩሀማ ሁለቱን ይዛ ደካ ከሚባለው ቦታ አጠገብ ወዳለው የአባቷ ጫካ ሄዳ ነበር። አባቷ ቀፎ የሰቀሉበትን ዛፍ ለእንግዳ አያሳዩም። ልጃቸው "በጨዋታውም የሰው ቀፎ አይነካም" ብላ ቃል ስለገባችላቸው ግን እየመሩ አሳዩዋቸው። ሰሚር በየግንዱ ላይ በገጀራ የተቀረጸውን፣ የቀፎውን ባለቤት የሚያሳውቀውን የቤተሰቡን ምልክት ሳይቀር ፎቶ አነሳ። የጌሙ ካርታ የተሠራው በዚያ ጫካ ልክ ነው፤ በሐዲስ ሕግ የሚዘረፉትም አባቷ ናቸው።

"ሰሚር፣ አንተ ተናገር እንጂ! እቤታችን አድረህ፣ ማሩን በልተህ..."

ሰሚር ዓይኑን ከላፕቶፑ አላነሳም። "ሩሂ፣ እውነቱን ለመናገር የሐዲስ ይሻላል። ይቅርታ።"

ከሁሉ ያቃጠላት ይቅርታው ነው።

አማካሪያቸው ቲቸር ፀዳለ ገብተው የሁለቱንም ወገን ቆመው ሰሙ። መቀመጥም አላስፈለጋቸውም።

"ኮንፍሊክት የሌለው ጌም አይሆንም። ባህሉን ሪፖርቱ መግቢያ ላይ ትጽፊዋለሽ" አሏት።

"እንግዲያው የአባቴን ዛፎች ከካርታው ያውጡልኝ።"

"ካርታው እኮ እነሱ ናቸው!" አለ ሐዲስ። "እነሱን አውጥተን ምን ሊቀረን?"

"ካልተስማማሽ መውጣት ትችያለሽ" አሉ ቲቸር ፀዳለ። "ግን አዲስ ርዕስ የሚጸድቀው ለከርሞ ነው። ምረቃሽም ያኔ ይሆናል።"

ይህን ጊዜ ስልኳ ጠራ። አባቷ ናቸው። ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

"ጨዋታው ደረሰ ወይ?" አሉ በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ፣ እንደ ልማዳቸው እየጮኹ። "ለጎረቤቱ ሁሉ ነግሬያለሁ። የአጎትሽ ልጅ በትልቁ ስልክ ዛፋችንን ሊያሳየን ነው።"

ሩሀማ ግድግዳውን ተደገፈች።

"ቀርቷል፣ አባዬ። ኮሌጁ አልፈቀደም።"

"አይዞሽ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አንቺ ብቻ ተመረቂልኝ። ዛፎቹ እንደሆኑ የትም አይሄዱም።"

ምነው በተቆጡኝ ብላ ተመኘች። ስልኩን ዘግታ ዓይኗን ጠረገችና ተመለሰች።

"ተስማምቻለሁ" አለች።

ሐዲስ አጨበጨበ። ቲቸር ፀዳለም "ጎሽ" ብለዋት ወጡ፤ ሌላ ቡድን ይጠብቃቸው ነበር።

ሩሀማ ወንበሯን ወደ ሰሚር ስባ ላፕቶፑን ተቀበለችውና የመጀመሪያውን ዛፍ ሥዕል ከፈተች። ግንዱን አጉልታ፣ ከዛፉ ቅርፊት ቀለም እየቀዳች፣ የአባቷን ምልክት ቀስ በቀስ ሸፈነችው። ቀፎው ብቻ ቀረ።

"ምነው አጠፋሽው? ያምር ነበር እኮ" አለ ሰሚር።

ሩሀማ ቀጣዩን ዛፍ ከፈተች።