በሐምዲ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚሠራው ፕሮግራም

የልጅ ልጄ አፍራ ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ አልቀምስ ስትል፣ የሥራ ጓደኛዋን ሐምዲን እንደማልለቀው ለራሴ ቃል ገባሁ።

አፍራና ሐምዲ ዓመት ሙሉ እኛ ቤት ነደባው፣ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሸዋ በር አጠገብ ላለ ክሊኒክ የበሽተኞች ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ሠሩ። እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው የተማርኩት፤ ግን አጠገባቸው ተቀምጬ ስለምውል ጆሮዬ ብዙ ለቅሟል። አፍራ በየሐሙሱ ላፕቶፗ ላይ የምትሠራበትን ቦታ ጠርጋ ታጠፋና፣ ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚጫን የጻፈችበትን ወረቀት ይዛ ከባዶ ታስነሳዋለች። መጀመሪያ ሳይ ዓመት የለፋችበት የጠፋ መስሎኝ ጮህኩ። ሳቀችብኝ። ኮዱ ሌላ ቦታ ተቀምጧል ኡማ፣ እዚህ ከባዶ ካልተነሳ ሰው ቤት ሄዶም አይነሳም አለችኝ። ሐምዲ ግን አንድም ቀን ጠርጎ አያውቅም። ያገኘውን ሁሉ ይጭናል፣ አንዱን በአንዱ ላይ ይደራርባል፤ የትኛው ለምን እንደሚያስፈልገው ራሱም ረስቶታል። ስትነግረው «አንቺ መጥረጊያሽን ያዢ» ይላታል።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ብቻውን የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ዐብዱኑር ዘንድ ሄደ። ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ስትጠርግ ነው የምትውለው ብሎ፣ ውሉን በራሱ ስም ለመፈረም ተስማማ። የራሱን ላፕቶፕ ከፍቶ አሳየ፤ ሠራለት።

የዶክተሩ እናት ዘምዘም የአፎቻዬ፣ የዕድራችን ሴት ናት፤ ሠርግም ሐዘንም አብረን ነው የምንቀመጠው። በሚቀጥለው ስብሰባ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ሐምዲ አንድ ክፉ ቃል አልተነፈስኩም። ልጅሽ ከመፈረሙ በፊት ፕሮግራሙን በክሊኒኩ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ዓይኑ እያየ ያስጭነው ብቻ አልኳት። ነገረችው።

ሰኞ ጠዋት፣ ሐምዲ ሊጭን በተቀጠረበት ሰዓት፣ ደም ግፊቴን ልለካ ብዬ ክሊኒኩ ሄጄ፣ ከዶክተሩ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ቁጭ አልኩ። ከቤት ስወጣ የአፍራን ስልክ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። አፍራ ሆደ ቡቡ ናት፤ ሐምዲ ቢደውልላት ትረዳዋለች።

ሐምዲ ጫነ፤ አልተነሳም። ደግሞ ጫነ። ይህ ጎደለ ይለዋል፤ ያንን ሲያመጣ ሌላ ይጎድላል። ላብ በላብ ሆነ። እኔ ደስ እያለኝ እጁን አየሁ። በመጨረሻ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

ቦርሳዬ ጮኸ።

ዞሮ አየኝ። እጄን ቦርሳው ላይ ጫንኩ።

«ማን ጋ ነው የምትደውለው?» አለ ዶክተሩ።

«አፍራ ጋ። የሚጫነው ዝርዝር… እሷ ጋ ነው ያለው።»

«ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ አላልክም እንዴ?»

ሐምዲ ጥሪውን ዘጋ። ስልኩም መጮሁን ተወ።

«አይዞህ ልጄ፣» አልኩት፣ «መጀመሪያ ጥረግ።»

አፍራ ስልኳን በመውሰዴ ተቆጣችኝ፤ ትቆጣ። በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ ሄደች። የቀትሩ የዙህር አዛን ሳይሰማ የክሊኒኩ ኮምፒውተር የመጀመሪያውን በሽተኛ ቀጠሮ ያዘ፤ ውሉም በስሟ ተፈረመ።

ባለፈው ሳምንት ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሐምዲ አንገቱን ደፍቶ «አሰላሙ ዐለይኩም ኡማ» አለኝ። ሰላምታ አለመመለስ ወንጀል ነው። ከንፈሬን አንቀሳቅሼ ለአላህ ብዬ መለስኩ፤ እሱ ድምፄን እንዳይሰማ ግን ተጠነቀቅኩ።