ግራ ትከሻ

የቀሚሱ ግራ ትከሻ ለምን እንደሚከብድ በቤቱ ውስጥ ሁለት ወሬ ነበር። አክስት ኤደልሚራ እንደምትለው የሟች እጅ ነው፤ የሞተችው እህቷ ዶሚቲላ የሆነ የቀረባት ልብስ ቢኖር ነው ተመልሳ የመጣችው። የኔሊዳ ታናሽ እህት ሳራይ እንደምትለው ደግሞ የጨርቅ ቆራጩ ጥፋት ነው፤ ሰውዬው ኳስ እያየ ነው የሚቆርጠው። ሁለቱ ይህን የሚከራከሩት ተመልሶ የመጣውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነበር። ከመስኮቱ ውጭ የሊማ ካፊያ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም።

ኔሊዳ ጥቅሉን ፈታች። "ይኼም ትከሻው ነው?"

"ይኼም።" ሳራይ ከስልኳ አነበበች። "'ወገቡ ልክ፣ እጅጌው ልክ። በሕይወቴ ጫፉን ሳላሳጥር የለበስኩት የመጀመሪያ ቀሚስ ነው። ግን ግራ ትከሻዬ ላይ ሰው እጁን የጫነብኝ ይመስለኛል። እባካችሁ ውሰዱልኝ።' ይቺ ከአሬኪፓ ናት። የበፊቷ ከኩስኮ። ተማክረው ነው እንዳትዪ።"

አክስት ኤደልሚራ አማተበች። "አላልኳችሁም?"

"አክስቴ፣ ሙት በፖስታ አይላክም እኮ።"

"ሳቂ! ሳቂ አንቺ! ሌሊት መጥታ እግርሽን ስትይዝሽ እናያለን።"

"እናቴ አይደለች እንዴ? ብትይዘኝስ?"

ኔሊዳ አልሳቀችም። ሱቋ ግድግዳም መደርደሪያም የለውም፤ ቁመታቸው አጠር ላሉ ሴቶች የተሰፉ ቀሚሶች ፎቶ የሚለጠፍበት አንድ የስልክ ገጽ ነው። እሱን ልትከፍት ስትል ጋማራ ሰፈር ውስጥ ለሰው ትሰፋበት የነበረውን ማሽን ጥላ ወጥታለች። ተመላሹ እንዲህ ከቀጠለ ወደዚያው ማሽን መመለሷ ነው።

እናቷ ዶሚቲላ ዕድሜዋን በሙሉ ለረጃጅም ሴቶች ሰፍታለች። ለራሷ ግን ከልጆች ልብስ መሸጫ ነበር የምትገዛው፤ ሸሚዞቿ ደረት ላይ ቢራቢሮ ነበረባቸው። ለራሷ ብላ የሰፋችው አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ብቻ ነው። ስትሞት፣ በአምስተኛው ቀን፣ እንደ ወጉ ልብሷን ይዘው ከሊማ ወጣ ብሎ ወዳለው ቾሲካ፣ ወንዝ ዳር ወጡ። አጠቡት፤ ወደ ኋላ እንዳትመለስ አቃጠሉት።

ሁሉንም አላቃጠሉም።

ኔሊዳ ተነስታ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ቀን ወዲህ ልብሷን የምታወልቀው ለቁም ሳጥኑ ጀርባዋን ሰጥታ ነው። አንዳንዴ መብራት ካጠፋች በኋላ መስቀያው ውስጥ ለውስጥ ሲንቀሳቀስ የምትሰማ ይመስላታል። አሁን ሳጥኑን ከፈተችና ሰማያዊውን ቀሚስ ይዛ ወጣች።

አክስት ኤደልሚራ የምታኝከው የተቆላ በቆሎ አፏ ውስጥ ቀረ። "ያኔ... ያኔ ያቃጠልነው ምን ነበር?"

"የኔን ቀሚስ። ቀለሙ ይመሳሰል ነበር።"

"የቁም ሰው ልብስ! ከሟች ልብስ ጋር! አንቺ ልጅ፣ ራስሽን ነው እኮ ያቃጠልሽው!"

"ቆይ፣ ቆራጩን በከንቱ ነው የሰደብኩት ማለት ነው?" አለች ሳራይ።

ኔሊዳ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መሀል ለመሀል አጠፈችው። ቀኙ ከግራው ጋር አልገጠመም፤ የግራው ትከሻ ቁልቁል ወርዷል። ዶሚቲላ በልጅነቷ የጨርቅ ጥቅል በግራ ትከሻዋ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ነው ያደገችው። ቀሚሱን የቆረጠችው ለዚያ ለወደቀ ትከሻ ነበር። እሷ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፤ ትከሻው ያልወደቀ ሰው ላይ ግን ይጫናል። ኔሊዳ መተርተሩን ስላልደፈረች፣ ስፌቱን ተከትላ በስፒል እየወጋች እንዳለ ወረቀት ላይ ገለበጠችው። የሱቁ ቀሚሶች ሁሉ የተቆረጡት በዚያ ወረቀት ነው።

"ስፌት የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ አጥፎ ያያል" አለች ሳራይ ቀስ ብላ። "እንዴት ሳታዪው ቀረሽ?"

ኔሊዳ ቀሚሱን ከሹራቧ በላይ አጠለቀችው። እጁ ያው መጣ፤ ግራ ትከሻዋ ላይ በቀስታ ተጫነ። ኔሊዳ ማሽኑ ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ፣ እናቷ በአጠገቧ ስታልፍ ታደርገው እንደነበረው። ትከሻው እንደሚጫን ያወቀችው የመጀመሪያውን ናሙና የለካችው ቀን ነው። ስለወደደችው ሳታስተካክል ተወችው።

"ወረቀቱ ላይ ትከሻውን ከፍ አድርጊውና ቀሚሱን መልሰሽ ስቀዪው" አለች ሳራይ። ድምጿ ተለውጧል። "አክስቴም አላየችም፤ እኔም አላየሁም።"

አክስት ኤደልሚራ እንኳ አልተቃወመችም። የእህቷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ በጣቶቿ ታሻሸው ነበር።

"በስፒል የተገለበጠ አይታመንም፤ ተተርትሮ ነው ልኩ የሚታወቀው" አለች ኔሊዳ። ቀሚሱን አወለቀች። መተርተሪያውን አንስታ ጫፉን የግራው ትከሻ ስፌት ውስጥ አስገባች። የመጀመሪያው ክር ሲበጠስ ሦስቱም ሰሙት።

"ሳራይ፣ ለአሬኪፓዋ ሴትዮ ጻፊላት፤ ትከሻው ተስተካክሎ ይላክልሻል በያት። አክስቴ፣ እሁድ ቾሲካ እንወጣለን። ክብሪቱን አንቺ ያዢ፤ ልብሱን እሳት ውስጥ የምከተው ግን እኔ ነኝ።"